ማይኩ ነው ወይስ ክፍሉ? የቤት ስቱዲዮ ጥያቄዎቻችሁ

የዚህ ወር ጥያቄዎች በሙሉ ስለ ቤት ስቱዲዮ ናቸው። ከደብዳቤዎቹ ግማሽ ያህሉ «የትኛውን ልግዛ?» ብለው ይጀምራሉ። ታች ድረስ ሲነበቡ ግን እቃው ደህና ነው፤ የተቀመጠበት ቦታ ወይም የተሰካበት ቀዳዳ ነው ጉዱን ያመጣው። ስለዚህ ዛሬ «ይህን ግዙ» ከምለው ይልቅ «ይህን አንሱት፣ ያንን ንቀሉት» የምለው ይበዛል። ረጃጅሞቹን ደብዳቤዎች አሳጥሬያቸዋለሁ፣ ቅር እንዳይላችሁ።

«ዘፈን እጽፋለሁ። ላፕቶፕና ጊታር አለኝ፣ ሌላ ምንም የለኝም። ገንዘቤ ትንሽ ናት። አንዱ ሚክሰር ግዛ ይለኛል፣ ሌላው መጀመሪያ ስፒከር ይለኛል። ከምን ልጀምር?» — ጀማሪው

ሚክሰሩን እርሳው። ብቻህን ነው የምትቀዳው፣ በአንድ ጊዜ ከሁለት ማይክ በላይ የምትከፍትበት ቀን ገና ሩቅ ነው። የሚያስፈልግህ ኦዲዮ ኢንተርፌስ ነው፤ ብዙ ሰው ሳውንድ ካርድ የሚለው። ይህች ትንሽ ሳጥን ከማይኩ የሚመጣውን ደካማ ምልክት ታጎላለች፣ ወደ ዲጂታል ትቀይራለች፣ በዩኤስቢ ለላፕቶፑ ታቀብላለች፣ ከላፕቶፑ የሚመለሰውንም ድምፅ ለሄድፎንህ ትሰጣለች። ሁለት ግቤት ያላት ትበቃሃለች። በአንዱ ትዘፍናለህ፣ በሌላው ጊታሩን ትሰካለህ። ጊታርህ ኤሌክትሪክ ከሆነ ወይም ፒክአፕ ካለው «ኢንስት» የሚለውን ቁልፍ መጫን እንዳትረሳ። እሱ ሳይጫን ጊታር ስትሰካ ድምፁ ይታፈናል፣ ቀጫጭኑ ድምፅ ይጠፋል፤ ያኔ ሰው ጊታሩን መጠርጠር ይጀምራል።

ሁለተኛ ማይክ። እዚህ ላይ ክርክሩ ብዙ ነው፣ እኔ ግን ግድግዳው ባዶ በሆነ ክፍል ውስጥ ለሚጀምር ሰው ዳይናሚክ ማይክ (የተለየ ኃይል የማይፈልገው፣ ጠንካራው ዓይነት) ነው የምመክረው። ሹር ኤስኤም58 እ.ኤ.አ. በ1966 ገበያ ላይ ወጥቶ እስካሁን እየተመረተ ነው፤ መድረክ ላይ ዘፋኝ ሁሉ የሚይዘው እሱን ነው፣ ለቤትም አያሳፍርም። ኮንደንሰር ማይክ (በኬብሉ በኩል ከኢንተርፌሱ 48 ቮልት የሚላክለት፣ ስሱ ዓይነት) የበለጠ ጥርት ያለ ድምፅ ይይዛል፣ እውነት ነው። የጎረቤቱን ውሻና የላፕቶፑን ፋንም እንደዚያው ጥርት አድርጎ ይይዝልሃል። ዳይናሚኩ ክፍሉን የሚደብቅ ተአምር የለውም፣ ዋናው ምክንያት ከንፈርህን አስጠግተህ ስለምትዘፍንበት ነው።

ሦስተኛ ሄድፎን፣ ያውም ጀርባው ድፍን የሆነ። ጀርባው ክፍት የሆነው ለሚክስ (የተቀዱትን ድምፆች ለማመጣጠን) ደስ ይላል፣ ግን ስትቀዳ ሙዚቃው ከሄድፎኑ እየሾለከ ማይኩ ውስጥ ይገባል። ከዚያ ኤክስኤልአር ኬብል (ባለ ሦስት እግሩ የማይክ ኬብል)፣ ስታንድና ፖፕ ፊልተር (ከአፍ የሚወጣውን ትንፋሽ የሚሰብር ወንፊት)። ስታንድ ላይ አትሰስት። ዘፈኑ መሃል ላይ ማይኩ ቀስ እያለ ወደ ደረትህ ሲወርድ የሚያናድድህን ያህል ሌላ ነገር አያናድድህም።

ስፒከር ይቆይ። ለምን እንደሆነ ታች ስለ ስፒከር የጠየቀው ወንድማችን ጋ ታየዋለህ። በዩኤስቢ በቀጥታ የሚሰካው ማይክስ? ለፖድካስትና ለአንድ ድምፅ ይሆናል። ነገ ሁለተኛ ማይክ ልጨምር ስትል ግን መንገዱ ይዘጋል። ሶፍትዌር ላይ ገንዘብ አታውጣ። ማክ ካለህ ጋራጅባንድ በነፃ አለ፣ ሌላውም ላይ ኦዳሲቲ በነፃ ነው፤ ብዙ ትራክ መደራረብ ስትጀምር ሪፐርን ሞክረው።

«ጥሩ የሚባል ኮንደንሰር ማይክ ገዛሁ። ግድግዳውን በሙሉ የእንቁላል ካርቶን ለጠፍኩበት። ድምፄ ግን አሁንም ባዶ አዳራሽ ውስጥ የምዘፍን ነው የሚመስለው፣ ደግሞም ሩቅ ነው። ማይኩን ልቀይረው?» — ዘፋኟ

ማይኩን አትንኪው። ካርቶኑን አውርጂው።

የእንቁላል ካርቶን ስስ ወረቀት ነው። ከቀጫጭኑ ድምፅ ትንሽ ይበትናል እንጂ መሃሉንና ወፍራሙን አይነካውም፤ በዚያ ላይ እሳት ቢነሳ እንደ ክብሪት ነው የሚቀጣጠለው። ለምን እንደማይሠራ በቁጥር ላሳይሽ። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል። 10,000 ኸርዝ የሆነ (በሰከንድ 10,000 ጊዜ የሚርገበገብ) ቀጭን ድምፅ የሞገድ ርዝመቱ 3.4 ሳንቲ ሜትር ነው። 100 ኸርዝ የሆነው ወፍራም ድምፅ ደግሞ 3.4 ሜትር ነው። ሁለት ሳንቲ ሜትር የማይሞላ ነገር ይህን ሁለተኛውን ከምን አንስቶ ያቆመዋል? ስስ ስፖንጅ በየግድግዳው የለጠፉ ሰዎችም እዚሁ ነው የሚወድቁት። ቀጭኑ ድምፅ ይዋጣል፣ ወፍራሙ እንዳለ ይቀራል፣ ክፍሉ ታፍኖ የሚያጉረመርም ይሆናል።

አንድ ነገር ደግሞ እንለይ። ድምፅ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ማድረግና ክፍሉ ውስጥ እንዳይነጥር ማድረግ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። የመጀመሪያው ክብደት ያለው ግድግዳና ቀዳዳው ሁሉ የተደፈነ በር ይጠይቃል፤ ለተከራይ የማይታሰብ ነው። ያንቺ ችግር ሁለተኛው ነው፣ እሱ ደግሞ ቤት ውስጥ ባለ ነገር ይቀላል።

ማይኩ ያለበት ቦታ ቁሚና አንዴ አጨብጭቢ። ጭብጨባው ካለቀ በኋላ «ጥርርር» የሚል ነገር ከሰማሽ ፊት ለፊት በሚተያዩ ሁለት ባዶ ግድግዳዎች መሃል ቆመሻል። ወፍራም ብርድ ልብስ ወይም ድርብ መጋረጃ አምጪ። አሁን የት ትሰቅይዋለሽ? አብዛኛው ሰው ከማይኩ ጀርባ ይሰቅላል። ማይኩ ግን ፊቱ ወዳንቺ ነው፤ የሚያየው አንቺንና ካንቺ ጀርባ ያለውን ግድግዳ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ከራስሽ ጀርባ ይሰቀል፣ ከተረፈሽ በግራና በቀኝ። ከግድግዳው ጋር አታጣብቂው፣ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ብታርቂው ወፈር ያለውንም ድምፅ የበለጠ ይይዛል። ልብስ የሞላ ቁም ሳጥን ካለሽ ከዚህም ይቀልሻል፦ በሩን ከፍተሽ ጀርባሽን ለልብሱ ሰጥተሽ ዝፈኚ። ክፍሉ መሃል ላይ በትክክል አትቁሚ፣ ጥግም አትግቢ። እነዚያ ከማይክ ጀርባ የሚገጠሙት ግማሽ ክብ የስፖንጅ ጋሻዎች ትንሽ ይረዱ ይሆናል፣ ግን ካንቺ ጀርባ ያለውን ግድግዳ አይሸፍኑልሽም፤ እኔ ገንዘቡን ለብርድ ልብስ ነበር የማውለው።

ከዚያ ርቀት። ከአፍሽ እስከ ማይኩ አንድ ስንዝር ይበቃል። ርቀቱን በግማሽ ስትቀንሺው የድምፅሽ ጉልበት ማይኩ ላይ በ6 ዲሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ ነው) ይጨምራል፣ ከግድግዳ የሚመለሰው ግን ባለበት ነው። ስለዚህ ቅረቢና ጌይኑን (ኢንተርፌሱ ላይ ያለውን የማይክ ማጉያ) ቀንሺ፤ ክፍሉ አብሮ ይቀንሳል። ከአራት ጣት በታች ከቀረብሽ ደግሞ ቤዙ ይበዛና «ፐ» እና «ፕ» ባልሽ ቁጥር እንደ ጥይት ይተኮሳል። ፖፕ ፊልተሩን መሃል ላይ አድርጊው፣ አፍሽንም ከማይኩ መሃል ትንሽ ወደ ጎን ዞር አድርጊ።

«ሩቅ ነው» ያልሽው ነገር ግን ሌላ ጥርጣሬ ፈጠረብኝ። ማይኩን ወደ አፍሽ አጋድመሽ ጫፉ ላይ ነው እንዴ የምትዘፍኚው፣ እንደ መድረክ ማይክ? ትልልቆቹ ኮንደንሰሮች አብዛኞቹ የሚሰሙት በጎናቸው ነው። የአምራቹ አርማ ያለበት ጎን ፊቱ ነው፤ ማይኩ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ አርማው ወዳንቺ ይዞራል። ለማረጋገጥ መቅጃውን ክፈቺና ማይኩን እየዞርሽ «ፊት፣ ጎን፣ ጀርባ፣ ጫፍ» እያልሽ ተናገሪ። መልሰሽ ስትሰሚው ልዩነቱ ያስደነግጥሻል።

«ሁለት እህትማማቾች ነን። ስንዘፍን ድምፃችን በሄድፎኑ ዘግይቶ ይመጣል፣ ራሳችንን እያሳደድን ነው የምንዘፍነው። ላፕቶፑ አርጅቶ ይሆን?» — እህትማማቾቹ

ላፕቶፑ ላይ አትፍረዱ። ኮምፒውተር ድምፅን በቁና እየሰፈረ ነው የሚቀበለው፤ ቁናው ሲሞላ ነው የሚያነሳው። ቁናው በፈር ይባላል። በሰከንድ 48,000 ሳምፕል (ድምፁ የሚለካበት ቅንጣት) እየቀዳችሁ በፈሩ 1024 ላይ ከሆነ በአንድ አቅጣጫ ብቻ 21 ሚሊ ሰከንድ ይባክናል፣ መመለሻው ሲጨመር እጥፍ ነው። ይህ ዘፋኝን ያደናግራል። 128 ላይ ስታደርጉት ወደ 2.7 ይወርዳል። ስለዚህ ስትቀዱ ዝቅ አድርጉት፣ 128 ወይም 256። ድምፁ መቆራረጥና መንጫጫት ከጀመረ አንድ ደረጃ ከፍ አድርጉ። ቀድታችሁ ስትጨርሱና ሚክስ ስትጀምሩ መልሳችሁ ወደ 1024 ውሰዱት፣ ያኔ መዘግየቱ ማንንም አይጎዳም።

ዊንዶውስ ከሆነ የኢንተርፌሱ አምራች ያወጣውን አሲዮ ድራይቨር (ሶፍትዌሩን ከኢንተርፌሱ ጋር በቀጥታ የሚያገናኝ ፕሮግራም) ጫኑ፣ ሶፍትዌሩም ውስጥ እሱን ምረጡ። ግማሹ የመዘግየት ችግር እዚህ ያልቃል። ማክ ላይ ይህ ራስ ምታት የለም።

ከዚህ ሁሉ የሚቀለው ግን ኢንተርፌሱ ላይ ያለው «ዳይሬክት ሞኒተር» የሚለው ቁልፍ ነው። እሱን ስትከፍቱ ድምፃችሁ ኮምፒውተሩ ጋ ሳይደርስ በቀጥታ ወደ ሄድፎኑ ይሄዳል። ያኔ ሶፍትዌሩ ውስጥ የምትቀዱበትን ትራክ ሞኒተር ዝጉት። ሁለቱም ከተከፈቱ ድምፃችሁ በቆርቆሮ ቱቦ ውስጥ ያለፈ ይመስላል፣ ብዙ ሰው ይህን «ማይኩ ተበላሸ» ይለዋል።

ሄድፎናችሁ ብሉቱዝ ከሆነ ደግሞ የላይኛውን ሁሉ ተዉት፤ በሽቦ የሚሰካ ፈልጉ። ብሉቱዝ ላይ በፈር ብትቀንሱ ባትቀንሱ ለውጥ የለውም፣ መዘግየቱ ብዙ ጊዜ ከ100 ሚሊ ሰከንድ ያልፋል።

«ስፒከሮቼ ዝም ብለው ዝዝዝ ይላሉ። ማውሱን ሳንቀሳቅስ ደግሞ ጭርር የሚል ድምፅ ይጨመርበታል። ጓደኛዬ የሶኬቱን የግራውንድ እግር ቁረጠው አለኝ። ልቁረጠው?» — ዝዝዝ ያሰለቸው

እንዳትቆርጠው! የግራውንድ መስመር ያለው እቃው ውስጥ ኤሌክትሪክ ቢሾልክ በአንተ በኩል እንዳያልፍ ነው። ድምፁ ይጠፋ ይሆናል፣ አንተም አብረህ ልትጠፋ ትችላለህ። ማይክ በከንፈርህ እየነካህ የምትሠራ ሰው ነህ እኮ።

መጀመሪያ የላፕቶፑን ቻርጀር ንቀልና በባትሪ አስኪደው። ዝዝዝታው ከጠፋ ወይም በጣም ከቀነሰ ችግሩ የግራውንድ ዙሪት ነው፤ እቃዎችህ በተለያየ መንገድ ከመሬት ጋር ተገናኝተው በመሃላቸው ትንሽ ጅረት ይዞራል። ከመብራት መስመሩ የሚመጣው ይህ ድምፅ እንደ አገሩ የኤሌክትሪክ አሠራር 50 ወይም 60 ኸርዝና የእነሱ ብዜት ነው፣ ያ ወፍራም «ዝዝዝ» የምትለው። ላፕቶፑን፣ ስፒከሮቹን፣ ሌላውንም ሁሉ ከአንድ ዲቫይደር ላይ ሰካ። ብዙ ጊዜ በዚህ ብቻ ይፈታል።

ቀጥሎ ከኢንተርፌሱ ወደ ስፒከር የሚሄደውን ኬብል ጫፍ እይ። ጫፉ ላይ ስንት ጥቁር ቀለበት አለ? አንድ ከሆነ ተራ ኬብል ነው። ሁለት ከሆነ ቲአርኤስ ነው፣ ባላንስድ የሚባለው፤ የምትፈልገው ይህንን ነው። ባላንስድ ኬብል ያንኑ ድምፅ በሁለት ሽቦ ይልካል፣ አንዱ የሌላው ግልባጭ ሆኖ። መንገድ ላይ የሚገባው ረብሻ ሁለቱም ላይ እኩል ይገባል። ስፒከሩ ጋ ሲደርስ አንዱ ከሌላው ይቀነስና ረብሻው ተጣፍቶ ድምፁ ብቻ ይቀራል። የማውሱንም ጭርታ የሚያጠፋው ብዙ ጊዜ ይኸው ነው፤ ካልሆነ የዩኤስቢውን ቀዳዳ ቀይረህ ሞክር። የመብራትና የድምፅ ኬብሎችን አብረህ አትሰር፣ መገናኘታቸው ግድ ከሆነ ተሻግረው ይለፉ እንጂ ጎን ለጎን አይጓዙ።

የሚሰማህ «ሽሽሽ» ከሆነ ይህ ሌላ ታሪክ ነው፣ ምናልባት ጌይንህ ከመጠን በላይ ተከፍቷል።

«ከላፕቶፑ የሄድፎን ቀዳዳ ወደ ኢንተርፌሱ ግቤት በአንድ ኬብል አገናኝቼ ሙዚቃ ስከፍት ዘፋኙ ጠፋ! ከበሮውና ቤዙም ሳስተዋል። ማይ ጎድ፣ ምን ሰበርኩ?» — የደነገጠችው

ምንም አልሰበርሽም። ከላይ ለወንድማችን ያስረዳሁት መቀናነስ ነው እዚህ ዘፋኙን የበላው። የሄድፎን ቀዳዳ ግራና ቀኝን በሁለት ሽቦ ይሰጣል። የኢንተርፌሱ ባላንስድ ግቤት ግን የገቡለትን ሁለት ሽቦዎች የአንድ ድምፅ ቅጂና ግልባጭ አድርጎ ይቆጥርና አንዱን ከሌላው ይቀንሳል። ዘፋኙ፣ ቤዙና ዋናው ከበሮ አብዛኛውን ጊዜ መሃል ላይ ስለሚቀመጡ ግራና ቀኝ ላይ እኩል ናቸው። እኩል ነገር ከእኩል ሲቀነስ ዜሮ ነው። የቀረልሽ የጎን የጎኑ መሣሪያና የዘፋኙ ሪቨርብ (ማስተጋባቱ) ብቻ ነው፣ እንደ መንፈስ ነገር።

በአንድ ጫፉ ስቴሪዮ፣ በሌላው ሁለት ሞኖ ጫፍ ያለው ኬብል ግዢና በሁለት ግቤት ሰኪው። ወይም ሙዚቃው ያው ላፕቶፕ ላይ ስላለ ፋይሉን በቀጥታ ወደ ሶፍትዌሩ ጎትተሽ አስገቢው፤ በኬብል ዞሮ መምጣቱ ለምን አስፈለገ?

«ክፍሌ 4 በ3 ሜትር ነው። ስፒከሮቼን ጥግና ጥግ አስቀምጫቸዋለሁ። ቤት ስሠራው ቤዙ ልብ ያርሳል፣ መኪና ውስጥ ስሰማው ቤዝ የሚባል ነገር የለም። ሰብዉፈር ልጨምር?» — ቤዝ የጠፋበት

ሰብዉፈር፣ ያ ለቤዝ ብቻ የሚሆነው ስፒከር፣ ቢጨመር ይብስብሃል። ጥግ ላይ የተቀመጠ ስፒከር ቤዙ ከግድግዳዎቹ እየተመለሰ ይደራረባል። አንተ ጋ የሚደርሰው ያበጠ ቤዝ ነው፤ ስለዚህ ሳታውቀው ሚክስህ ላይ ትቀንሰዋለህ። መኪናው ውስጥ ያ ጥግ የለም። የቀነስከው ብቻ ነው ያለው።

እንዲህ አድርግ። ጠረጴዛህን ወደ አጭሩ ግድግዳ አዙረው፣ 3 ሜትር ወደሆነው፣ ድምፁ በክፍሉ ርዝመት እንዲጓዝ። ከግራና ከቀኝ ግድግዳ ያለህ ርቀት እኩል ይሁን። ሁለቱ ስፒከሮችና ጭንቅላትህ ሦስቱም ጎኑ እኩል የሆነ ሦስት ማዕዘን ይሥሩ፤ በስፒከሮቹ መሃል 1.2 ሜትር ካለ ከእያንዳንዱ እስከ ጆሮህም 1.2 ሜትር። ትንሿ ድምፅ ማውጫ፣ ትዊተሯ፣ በጆሮህ ቁመት ትሁን፣ ፊታቸውም ወዳንተ ዘንበል ይበል።

የምትቀመጥበት ቦታ ከፊት ግድግዳው የክፍሉ ርዝመት 38 በመቶ ላይ ቢሆን ይመከራል፣ ላንተ 1.5 ሜትር ገደማ። ትእዛዝ አይደለም፣ መነሻ ነው። መሃል ላይ ግን፣ 2 ሜትሩ ላይ፣ በፍጹም አትቀመጥ። 4 ሜትር ርዝመት ያለው ክፍል 43 ኸርዝ አካባቢ ያለውን ቤዝ በራሱ ያጎላል፤ ይህ ጉላት ግድግዳዎቹ ጋ ከፍተኛ፣ መሃል ላይ ደግሞ ባዶ ነው። ካላመንክ አንድ ረጅም የቤዝ ኖታ ደጋግመህ እያጫወትክ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ቀስ ብለህ ተራመድ። ማንም ቮልዩም ሳይነካ ቤዙ ሲመጣና ሲሄድ ትሰማለህ። ይህን አንዴ የሰማ ሰው ከዚያ በኋላ ስፒከር ላይ በቀላሉ አይፈርድም።

ወፍራም ነገር፣ በድንጋይ ሱፍ የተሞላ 10 ሳንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ ፓነል ካገኘህ ጥጎቹ ላይ አቁም። ካላገኘህ ፍራሽ ጥግ ላይ ማቆም ያባት ነው። ለጎን ግድግዳዎች ደግሞ የመስታወቱን ዘዴ ተጠቀም፦ አንተ ቦታህ ላይ ተቀመጥ፣ ሌላ ሰው መስታወት ግድግዳው ላይ ይዞ ይንሸራተት፣ መስታወቱ ውስጥ ስፒከሩ የታየህ ቦታ ላይ ምልክት አድርግ። ድምፁ ነጥሮ ወደ ጆሮህ የሚመጣው ከዚያ ነው፤ ፓነሉ ወይም ብርድ ልብሱ እዚያ ይሰቀል።

ስፒከሮቹን ከግድግዳ ማራቅ ካልቻልክ ጀርባቸውን እይ። ብዙዎቹ ቤዙን በ2 ወይም በ4 ዲሲቤል የሚቀንስ ማብሪያ አላቸው፣ ማንም አይነካውም እንጂ። ሥራውንም ዝቅ ባለ ድምፅ ሥራ፣ ሰው አጠገብህ ሆኖ ሳይጮህ ልታናግረው በምትችልበት ልክ። በ85 ዲሲቤል 8 ሰዓት የጆሮ ገደብ ነው ይባላል፣ ከዚያ በላይ በየ3 ዲሲቤሉ ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። ጆሮ መለዋወጫ የለውም።

ለመጀመሪያው ጠያቂያችን ስፒከር ይቆይ ያልኩት ለዚህ ነው። ክፍሉ ሳይስተካከል የሚገዛ ስፒከር ውሸት ይነግረዋል።

«ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ መጻሕፍት በድምፅ ማንበብ ጀምሬያለሁ። ድምፄ ለስላሳ ነው። ልጄ ሹር ኤስኤም7ቢ የሚባል ማይክ ላከልኝ። ጌይኑን እስከ ጥግ ብከፍተውም ድምፄ ደካማ ነው፣ ሽሽታም አለው።» — አባት

ጤና ይስጥልኝ አባቴ። ልጅዎ መልካም ማይክ ነው የላከልዎት፣ ግን ድምፁን ለማውጣት ብዙ ጉልበት የሚፈልግ ነው፤ 60 ዲሲቤል ያህል ጌይን ይፈልጋል። ትንንሽ ኢንተርፌሶች እዚያ ለመድረስ ይተነፍሳሉ፣ መጨረሻው ላይ ደግሞ ሽሽታቸው ይወጣል። እርስዎም በለስላሳ ድምፅ ስለሚያነቡ ይብሳል።

ከሁሉ በፊት ይጠጉ። ለዚህ ማይክ አራት ጣት ርቀት ደህና ነው፣ የተሠራውም ለቅርብ ንግግር ነው። ካልበቃ ማይኩና ኢንተርፌሱ መሃል የሚገባ ትንሽ ማጉያ አለ፣ ከ20 ዲሲቤል በላይ የሚጨምር፤ 48 ቮልቱን ከኢንተርፌሱ ይወስዳል። ልጅዎ ሌላ ነገር ልላክልዎት ካለ እሱን ይንገሩት።

ሌላው፣ ሜትሩ ቀይ ጫፍ ላይ ይድረስ ብለው አይጨነቁ። ሶፍትዌሩን 24 ቢት (የቅጂ ጥራት ምርጫ ነው) ላይ አድርገው ከፍ ያለው ቃልዎ 12 ዲሲቤል ከዜሮ በታች ቢደርስ ይበቃል። የቀረውን ከቀዱ በኋላ ማሳደግ ይቻላል። ዜሮን ካለፈ ግን ድምፁ ይሰነጠቃል፣ ያንን ማንም አይመልሰውም።

ለንባብ ትልቁ ጠላት ፀጥታ ውስጥ የሚሰማው ነገር ነው። ፍሪጁን ያጥፉትና የቤት ቁልፍዎን እዚያው ፍሪጅ ውስጥ ያስቀምጡ፤ ሳያበሩት ከቤት አይወጡም። ላፕቶፑ ከማይኩ ጀርባ በኩል ይቀመጥ፣ ማይኩ በጀርባው ብዙ አይሰማም። ወረቀት ሲገለጥ ይሰማል፣ ከታብሌት ቢያነቡ ይሻላል። በየምዕራፉ መጀመሪያ ላይ ዝም ብለው 10 ሰከንድ ያህል ይቅዱ። ስህተት ቆርጠው ሲያወጡ ክፍተቱን የሚሞሉት በዚያ ዝምታ ነው፤ በባዶ ከሞሉት ጆሮ ወዲያው ያውቅበታል።

አጫጭሮቹ

*48 ቮልት ዳይናሚክ ማይክን ያቃጥላል?* በደህና ኤክስኤልአር ኬብል እስከሆነ አይነካውም። የድሮ ሪበን ማይክ (በስስ የብረት ጥብጣብ የሚሠራው) ከሆነ ግን አትሞክሩት። ከማብራታችሁ በፊት ደግሞ የስፒከሩን ድምፅ ዝቅ አድርጉ፣ «ቧ» ይላል።

*የሳምፕል ፍጥነቱ 44.1 ነው 48 ኪሎ ኸርዝ?* ለዘፈን 44.1 ይበቃል፣ ሲዲም እሱ ነው። ቪዲዮ ላይ የሚገባ ከሆነ 48። ኢንተርፌሱና ሶፍትዌሩ ይስማሙ ብቻ፤ በ44.1 የተቀዳው በ48 ሲጫወት ይፈጥናል፣ ድምፁም አንድ ተኩል ሰሚቶን (ሰሚቶን ፒያኖ ላይ ከአንዱ ቁልፍ እስከ ቀጣዩ ያለው ነው) ገደማ ይቀጥናል። 96 ዲስካችሁን ይሞላል እንጂ ዘፈናችሁን አያሳምረውም።

*የቱ ቀድሞ ይብራ?* ስፒከር መጨረሻ ይበራል፣ መጀመሪያ ይጠፋል።

*ውድ ኬብል ይሻላል?* አጭርና ጫፉ በደንብ የተበየደ ይሻላል። በክርናችሁ ላይ አትጠቅልሉት፣ ውስጡ ይጣመማል፤ ዘና ባለ ክብ አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ እያጠፋችሁ ሰብስቡት፣ በሚቀጥለው ጊዜ ስትወረውሩትም ሳይቋጠር ይዘረጋል።